ከአሰብ ወደ ደጋ የወጣ አረንጓዴ

የክፍላችን ኃላፊ "ከአሰብ ደግሞ ከጨውና ከድንጋይ በቀር ምን ይመጣል?" ብለው በሳቁ በሳምንቱ፣ ቡና የጫነ ተሳቢ መኪና ጋቢና ውስጥ ገብቼ ከአዲስ አበባ ወጣሁ። ሰውየውን አከብራቸዋለሁ፤ ሥራውንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ግን እኔ የአሰቡ ሰፈር የካምፖ ሱዳን ልጅ ነኝ። አባቴ ከወሎ ወርዶ፣ በአሰብ ወደብ ክሬን ሲነዳ ኖሮ፣ እዚያው ነው ጡረታ የወጣው። እኔም ፊደል የቆጠርኩት፣ መዋኘት የተማርኩት፣ ደጅ በገመድ አልጋ ላይ እየተኛሁ ያደግኩት እዚያው ነው። ስለ አሰብ ክፉ ሲወራ ደሜ ይፈላል፤ ምን ላድርግ፣ አፈጣጠሬ ነው።

የምሠራው የዕፅዋት ዘረመል በሚመረመርበት ቤተ ሙከራ ነው። ሥራችንን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ብዬ ነው የምነግረው፤ ማንኛውም ተክል ከዘሩ የወረሰው ትዕዛዝ በውስጡ አለ። ቁመትህ ይህን ያህል ይሁን፣ አበባህ ይህን ቀለም ይያዝ፣ ውሃ ሲጠፋ እንዲህ አድርግ የሚል። እያንዳንዱን ትዕዛዝ ጂን እንለዋለን። ድርቅ የሚችል ተክል ካገኘን፣ ድርቅ ያስቻለውን ትዕዛዝ ለይተን አውጥተን ለጤፍ ወይም ለማሽላ ለመስጠት ነው ሩጫችን። የዘረመል ምህንድስና የሚባለው ይኸው ነው። በሌላው ዓለም ገና ጅምር ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ የጅምር ጅምር። ቢሆንም ጀምረናል፤ ይህን ስጽፍ ደረቴን ነፍቼ ነው።

እኔ ያሰብኳት ተክል ከአሰብ በስተሰሜን በበይሉል አካባቢ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የምትበቅል አጭር ሣር ናት። ዓፋሮች የራሳቸው ስም አላቸው ለእሷ፤ እኛ የካምፖ ሱዳን ልጆች ግን "እንቅልፋሟ" ነበር የምንላት። ዝናብ ሲጠፋ ድርቅ ብላ የተጣለ መጥረጊያ ትመስላለች። ወራት ያልፋሉ፣ ፍየል እንኳ ዞር ብሎ አያያትም። ውሃ ባገኘች ማግስት ግን ያው የደረቀው ቅጠል ራሱ ይለመልማል። አዲስ ቅጠል አይደለም የሚበቅለው፤ የሞተ የመሰለው ነው የሚነሣው። አንድ ጠባይ ግን አላት፤ የዚህ ጉዞ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ ጠባይዋ ነውና አንባቢ ይያዝልኝ። ቀስ ብላ ከደረቀች ትተኛለች፤ በድንገት ከደረቀች ግን ትሞታለች። ለመተኛት ጊዜ ትፈልጋለች። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የሚለው ተረት ለእሷ የተተረተ ይመስለኛል።

"ሕያው ካመጣሽልኝ በእሷ እንሠራለን" አሉኝ ኃላፊዬ። "ካላመጣሽ ከውጭ በሚላክልን ተክል እንቀጥላለን፤ የእንቅልፋም ሣር ወሬም በዚሁ ይብቃ።" ሁለተኛ ጉዞ እንደማይፈቀድልኝ ከአነጋገራቸው ገብቶኛል። አሰብ አሁን የሌላ አገር ከተማ ስለሆነች ከዚያው ግብርና ቢሮ አስቀድሜ ፈቃድ ጠይቄ አግኝቻለሁ። ባደግኩበት ከተማ ሣር ለመንቀል ፈቃድ መጠየቄ መጀመሪያ ከንክኖኝ ነበር፤ ኋላ ሳስበው ግን ደስ አለኝ። ለካ ሣሯም ባለቤት አላት!

ቁልቁል

ሾፌሩ ጋሽ ተካ ይባላሉ። የአባቴ የድሮ ወዳጅ ናቸው፤ የአሰብን መንገድ እንደ ቤታቸው ጓዳ ያውቁታል። ሲወርዱ ቡና፣ ሲወጡ ስንዴ ወይም ማዳበሪያ ይጭናሉ። ኮምቦልቻ አድረን በማግስቱ በባቲ በኩል መውረድ ስንጀምር ሙቀቱ የፉርኖ በር እንደተከፈተ ሁሉ ፊታችንን ገረፈን። "ከባቲ በኋላ ሹራብ ይወልቃል፤ ከሚሌ በኋላ ካልሲ ይወልቃል፤ ከኤሊዳር በኋላ ግን ቆዳም ቢወልቅ አይጠላም" አሉ ጋሽ ተካ፣ ውሃ የነከሩትን ፎጣ አንገታቸው ላይ ጣል እያደረጉ።

ሎጊያ ላይ ምሳ በላን። የፍየል ጥብሱ ርካሽ ነው፤ የሚወደደው ከፍሪጅ የወጣው ውሃ ነው። አንድ ጠርሙስ ጠጥቼ ሁለተኛውን ሳዝዝ ጋሽ ተካ "እንግዲህ አንቺ የአሰብ ልጅ አይደለሽም፣ ደገኛ ሆነሻል" ብለው አላገጡብኝ። ተናድጄ ሁለተኛውን ሳልጠጣ ተነሣሁ። እስከ ማንዳ ድረስ ጉሮሮዬ ሲቃጠል ጸጸተኝ እንጂ አልተናገርኩም።

ከሰርዶ ወዲያ ያለው አገር ጥቁር ድንጋይ ነው። መንገደኛ ሁሉ ባዶ ነው ይላል። እኔ ግን በመስኮት ሳይ ባዶ ነው በተባለው ቦታ ሁሉ አንድ ነገር ቆሟል፤ እዚህ ግራር፣ እዚያ ቁጥቋጦ፣ ወዲያ ደግሞ እሾሃማ ነገር። ዝናብ መቼ እንዳያቸው አንድዬ ያውቃል። ቆመው በማየቴ ኮራሁ፤ እኔ የተከልኳቸው ይመስል!

ቡሬ ድሮ ሻይ ጠጥተን የምናልፍባት ትንሽ ቦታ ነበረች፤ አሁን ድንበር ሆናለች። ወረቀታችን ታየ፤ አለፍን። ከደባይሲማ በኋላ ነፋሱ ይለወጣል። እርጥብ ይሆናል፣ ከንፈር ላይ ጨው ጨው ይላል። የወደቡ ክሬኖች ከሩቅ ብቅ ሲሉ "አሰብ!" ብዬ እንደ ሕፃን ጮህኩ። ጋሽ ተካ ክላክሱን ሁለቴ አስጮኹልኝ።

ካምፖ ሱዳን

አባቴ ሽርጡን ታጥቆ በራፍ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። የአሰብ አቀባበል ዓሣ ነው፤ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ በጭቃ ምድጃ ውስጥ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የተጠበሰ፣ ከትኩስ ዳቦ ጋር። እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ስበላ አባቴ ሲያየኝ ቆየና፣

"ሰናይት፣ ምን ልትሠሪ ነው የመጣሽው?" አለኝ።

"ሣር ልነቅል።"

"ያን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ሣር?"

ነገሩን ሁሉ አስረዳሁት። ልጅ ሆኜ እንቅልፋሟን ከበይሉል አምጥቼ በጣሳ ውሃ ውስጥ ስነክራት የነበረውን አስታወሰ፤ ሳቀ። ከዚያ ኃላፊዬ ያሉትን ስነግረው ሳቁን አቋረጠ።

"ሕያው ካልሆነችስ?"

"ይስቁብኛላ። ሥራዬም በዚያው ያበቃል።"

"ማን ነው በአሰብ የሚስቀው?" አለ። ከፊት ለፊታችን ሱቅ ያላቸው ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ፣ ጫት የሚሸጡት፣ ይህን ሰምተው "ጋሽ መኮንን፣ ተዋቸው ይሳቁ! ሲያልባቸው እናያቸዋለን" አሉ። አባቴ ግን አልሳቀም። ነገሩ ሆዱ ውስጥ እንደገባ ማየት ነበረብኝ፤ ዓሣው አታሎኝ አላየሁም።

በይሉል

በማግስቱ ዓሊ የሚባል የዓፋር ልጅ በፒካፑ ሊወስደኝ መጣ። አንደኛ ደረጃ አብረን ተምረናል፤ ስለዚህ "የነዳጁን ብቻ ቻይ" አለኝ። በባሕሩ ዳር ወደ ሰሜን ይዞኝ ሄደ። መንገድ ማለት እንግዲህ ከእኛ በፊት ያለፈው መኪና ጎማ የተወው መስመር ነው።

ዓፋር መንገድ ላይ ከዓፋር ጋር ሲገናኝ ሰላም ብሎ ብቻ አያልፍም። ይቆማል፣ እጅ ለእጅ ይሳሳማል፣ ከዚያ አንደኛው ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይዘረግፋል፤ ሌላኛው እህ እያለ ያዳምጣል። የት ዘነበ፣ የት ግጦሽ አለ፣ የማን ግመል ጠፋች፣ ማን ወለደ። ይህን ዳጉ ይሉታል። ዳጉ ውስጥ ውሸት መጨመር ትልቅ ነውር ነው፤ ሰውም ከብትም በዚያ ወሬ ታምኖ ነው በረሃ የሚገባው። ዓሊ ግመል ነጂ ባየ ቁጥር ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል። እኔ ፀሐይዋን እያየሁ ተቁነጠነጥኩ።

"ዓሊ፣ በዚህ አያያዛችን በይሉል የምንደርሰው ለዓረፋ ነው።"

"አንቺ ጋዜጣ ትገዣለሽ፤ የእኛ ጋዜጣ ይሄ ነው። ደግሞ ያንቺንም ወሬ እያወጣሁልሽ ነው።"

"ምን ብለህ?"

"የክሬን ነጂው የመኮንን ልጅ የምትተኛዋን ሣር ፍለጋ ከአዲስ አበባ መጣች ብዬ። ውሸት አለው?"

የለውም። እንዲያውም ጠቀመኝ። ከግመል ነጂዎቹ አንዱ፣ ፂማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ፣ ዝናብ ገና ያልነካት እንቅልፋሟ ከበይሉል ወዲያ ባለው ኮረብታ በጥላው በኩል እንዳለች ነገሩን። ሽማግሌው ሣሯን ለምን እንደምፈልጋት ጠየቁ፤ እኔ በአማርኛ፣ ዓሊ በዓፋርኛ መለስንላቸው።

"የግመልን ጥም መቻል ወስደን ለፍየል ብንሰጣት ማለት ነው" አልኩ።

"ፍየሏ ግመል ትሆናለች?"

"አትሆንም። ፍየል እንደሆነች ጥም ትችላለች።"

"ወተቷስ?"

"የፍየል ወተት።"

ሽማግሌው ረጅም ሳቅ ሳቁና "ከሆነላችሁ መጀመሪያ ለእኔ ፍየሎች አምጡልኝ" አሉ። መኪና ውስጥ ስንመለስ ዓሊ ለብቻው ነገር አመጣ። "ጤፉም እንቅልፍ ከለመደ ገበሬው ምን ሊበላ ነው?" አለ። መቀለዱ ነበር፤ እኛ ግን በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ የምንጨቃጨቅበት ጥያቄ ነው። ጤፉ በአጭሩ ሸለብ አድርጎት ዝናቡ ሲመለስ ነቅቶ ፍሬውን እንዲሰጥ እንጂ ሙሉ በጋ እንዲያንኮራፋ አንፈልግም አልኩት። "እንግዲያው ቀስቃሹንም አብራችሁ ፈልጉ" አለኝ።

በይሉል ዘንባባዎቿን ይዛ ባሕሩ ዳር ቁጭ ብላለች። ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን ይጠግናሉ፤ ፍየሎች በጀልባዎቹ ጥላ ሥር ተኝተዋል። እኛ አልፈን ኮረብታው ጋ ሄድን። ሽማግሌው እንዳሉት ነው፤ በሰሜኑ ፊት፣ በየስንጥቁ፣ ግራጫ፣ ድርቅ ያለች፣ በእጅ ሲነኳት የምትንኮሻኮሽ። ተንበረከኩ። በመሮና በመዶሻ ሥሯን ከነአፈሩ እያነሣሁ በጆንያ አስቀመጥኩ፤ ለዘሯ የሚሆኑትን ደግሞ በየስንጥቁ ተውኩ። በሕይወቴ እንዲያ የጠቆርኩበትና እንዲያ ደስ ያለኝ ቀን ብዙ የለም።

ጣሳዎቹ

ማታ ጆንያውን በጥላ፣ ነፋስ በማይነካው ጥግ አስቀምጬ፣ ደክሞኝ ስለነበር እራት እንኳ ሳልበላ ተኛሁ። ጋሽ ተካ በማግስቱ ከአስር ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በረድ ሲል፣ ስንዴ ጭነው ይወጣሉ። ሥራዬ አልቋል። ሣሯ ተኝታለች፣ እንደተኛች ይዤያት እሄዳለሁ፣ ኃላፊዬ ፊት ውሃ አጠጣታለሁ፣ ትነሣለች። እንዲህ አቅጄ ነበር።

ማለዳ የቀሰቀሰኝ የእትዬ ዘይነባ ድምፅ ነው። "ሱብሓነላህ! ሱብሓነላህ!" ይላሉ። ዓይኔን ስገልጥ ግማሽ ካምፖ ሱዳን ግቢያችን ውስጥ ቆሟል። በግድግዳው ጥግ ጣሳዎች ተደርድረዋል፤ የቀለም ጣሳ፣ የዱቄት ወተት ጣሳ፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ እጀታው የተነቀለ ባልዲ። ከእያንዳንዱ ውስጥ እንቅልፋሟ ወጥታለች። አረንጓዴ! ትናንት መጥረጊያ የነበረችው ቅጠል ሁሉ ተዘርግታ፣ ጠል ይዛ፣ አረንጓዴ ሆናለች። አባቴ መሐል ቆሞ ለጎረቤቱ ያሳያል። ክሬኑን ሲነዳ በነበረበት ጊዜ እንኳ እንደዚያ ሲኮራ አይቼው አላውቅም።

እኔም መጀመሪያ "እሰይ!" አልኩ። ከዚያ ክው አልኩ።

"አባባ፣ ምን አደረግህ?"

"ውሃ አጠጣኋቸው። የሞተ ነገር ይዘሽ ሄደሽ ሊስቁብሽ ነው? ይኸው እያቸው፣ አንዷም አልሞተችም!"

"ተኝታ ነበር እኮ መሄድ ያለባት! አሁን ነቃች! በዚህ ነፋስ፣ በዚያ በረሃ ስትወጣ በድንገት ትደርቃለች፤ በድንገት ከደረቀች አለቀላት። ገደልካት አባባ!"

አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። ጎረቤቱ አንድ በአንድ ሹልክ አለ። አባቴ ጣሳዎቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ሄዶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ካምፖ ሱዳን ውሃ በየቀኑ አይመጣም። በርሜሉን ገልጬ አየሁት፤ ደርቋል። የሚታጠብበትን፣ የሚጠጣውን፣ ሁሉንም ለሣር ሰጥቶ ነው ያደረው። አሳዘነኝ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም።

ምን ይደረግ? ወደ በይሉል ልመለስ ብል ዓሊ በማለዳ ሰው ጭኖ ወደ ራሐይታ ሄዷል። ቀስ ብላ እንድትደርቅ ላድርጋት ብል ቀናት ይፈልጋል፤ መኪናው ዛሬ ይወጣል፤ ከመሥሪያ ቤት የተሰጠኝ ቀንም አልቋል። ጣሳዎቹ አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ከቀትር በፊት ከመንገዱ ራስ የጫት መኪናዋ ክላክስ ጮኸ። አሰብ በዚያ ሰዓት ትነቃለች፤ ሰው ከየቤቱ ይወጣል። የእትዬ ዘይነባ እስር ወረደ፤ እሳቸውም ሱቃቸው በር ላይ ይፈቱት ጀመር። መጀመሪያ እርጥብ ጆንያ፤ ከሥሩ የኮባ ቅጠል፣ ሌላ የኮባ ቅጠል፤ ከውስጡ ጫቱ፣ አሁን የተቀጠፈ ይመስላል። ቆሜ አየሁት። ይህ ቅጠል እኮ ከደጋ ተቀጥፎ፣ እኔን ላብ ያጠመቀኝን ያንኑ በረሃ አቋርጦ ነው የመጣው! አንድ ቅጠሉ እንኳ አልጠወለገም። በየቀኑ ይመጣል፤ ስንት ዓመት ዓይኔ እያየው አድጌያለሁ። ዘልዬ ተነሣሁ።

"እትዬ ዘይነባ፣ ኮባውን ይስጡኝ!"

"ምን ልታደርጊበት?"

"ሣሬን ልጠቀልልበት።"

እትዬ ዘይነባ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አዩኝ። "እኔ አሰብ ከመጣሁ ጀምሮ አረንጓዴ ነገር ከላይ ሲወርድ ነው ያየሁት። ከአሰብ ወደ ላይ ሊወጣ ነው? ወላሂ በነፃ ውሰጂው! ጆንያውንም ጨምሪ!"

ሣሯን ከየጣሳው ከነአፈሯ አውጥተን፣ ሥሯን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን፣ በኮባ ላይ ኮባ፣ በላዩ ጆንያ አለበስናት። እትዬ ዘይነባ በጣም እንዳላርሰው፣ ካራስኩት እንደሚሸት፣ ነፋስ በማያገኘው ቦታ እንዳስቀምጠው እየነገሩኝ ራሳቸው አሰሩት። አባቴ አልጋው ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ የደህና ቀን ሽርጡን፣ ለበዓል የሚታጠቀውን፣ አወጣና ባሕር አጠገብ ካለው ዘመዳችን ቤት ሄዶ ባመጣው የመጠጥ ውሃ ነክሮ እስሩን ሸፈነበት።

"ይቅር በለኝ አባባ" አልኩት።

"ተይው። አንዷን ጣሳ ግን ተይልኝ። ያነቃኋት እኔ ነኝ፣ እኔው እጠብቃታለሁ።" ጋቢናው ላይ ስወጣ የመኪናውን በር ይዞ "ከሞተች ደውዪልኝ። ካልሞተችም ደውዪልኝ" አለ።

ቡሬ

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቡሬ ደረስን። ፈታሹ ወጣት ነው። ጋቢናው ውስጥ ጭኔ ላይ ያቀፍኩትን አየና ቅንድቡን አነሣ።

"ጫት?"

"አይደለም።"

"በኮባ የተጠቀለለ፣ ጆንያ የለበሰ... ጫት ካልሆነ ምንድን ነው?"

"ሣር ነው።"

"ሣር? ከአሰብ?" ሳቀና ጓደኛውን ጠራ። "ና እስቲ፣ ከአሰብ ሣር ይወጣል ይሉናል!" ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ጫት ከታች ወደ ላይ ሲሄድ ታይቶ ስለማይታወቅ ሌላ ነገር ደብቀን እንደሆነ ጠረጠረ። ፈቃዴን ሰጠሁት፤ አነበበው፤ ግን እስሩ ካልተፈታ አለ። ነፋሱ ያፏጫል። በዚያ ነፋስ ላይ ከፈታኋት አለቀላት። ጋሽ ተካም "ኧረ በሕግ አምላክ፣ ልጅቷ ተመራማሪ ናት" እያሉ ይለማመጣሉ።

ከኬላው አጠገብ ፍየሎቻቸውን ይዘው የተቀመጡ አንድ የዓፋር አዛውንት ነበሩ። ነገሩን ሲያዩ ቆይተው በዓፋርኛ አንድ ነገር ተናገሩ። የፈታሹ ጓደኛ ቋንቋውን ይሰማ ነበርና ዞር ብሎ፣

"የሣሯ ሴት ይቺ ናት እያሉ ነው" አለ። "የክሬን ነጂው የመኮንን ልጅ። የምትተኛዋን ሣር ከበይሉል ኮረብታ በመዶሻ ስታነሣ ታይታለች። ፍየል ግመል ላታደርግ ጥም ልታስችል ነው የምትሄደው ይላሉ።"

አፌን በእጄ ያዝኩ። ዳጉ ከጋሽ ተካ መኪና ቀድሞ ደርሷል! ዓሊ መንገድ ላይ የለቀቀው ወሬ ከግመል ወደ ግመል እየተላለፈ፣ አንዲት ቃል ሳትወድቅበት እዚህ ቆሞ ጠብቆኛል። ፈታሹም የዳጉን ነገር ያውቃል መሰለኝ፣ አንገቱን ነቀነቀ። እስሩን በአንድ ጣቱ ብቻ ገለጥ አድርጎ አጮልቆ አየ። ከዚያ "አረንጓዴ ናት እኮ" አለ በቀስታ፤ ጆንያውን እራሱ መልሶ ሸፈነው። "በሉ ሂዱ፤ ነፋስ እንዳይመታት።"

ሽቅብ

ከኋላችን ተሳቢው ሙሉ የሰው አገር ስንዴ፣ ጭኔ ላይ የእኛው ሣር። እንደዚያ ሆነን ወጣን። ጋሽ ተካ በየቆምንበት "ልጅቷ ጠባች?" ይሉኛል፤ እኔም ጠብ ጠብ አድርጌ አጠጣታለሁ። ቀኑ ሲግል ጭኔ ላይ ያለው ጆንያ ብቻ ነበር የሚቀዘቅዘኝ። ኮምቦልቻ ደርሰን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ስፈታት አንዷ ጠቁራ ሞታለች፤ የሁለቱ የቅጠል ጫፍ ተቃጥሏል። የቀሩት አረንጓዴ ናቸው። ጋሽ ተካ የሞተችውን በእጃቸው ይዘው "ይቺ ለመንገዱ ትሁን" አሉና ከመንገዱ ዳር ቀበሯት። ሣር ሲቀብሩ ያየ የሆቴሉ ዘበኛ ምን እንዳሰበ እንጃ።

አዲስ አበባ

ብርዱ ተቀበለኝ። ቤቴ እንኳ ሳልገባ በቀጥታ ወደ ቤተ ሙከራው ሄጄ እስሩን ጠረጴዛ ላይ ፈታሁት። ኃላፊዬ መጡ፤ የኮባውን ሽታ አሸተቱ፤ ሣሯን አዩ።

"ይቺ ናት የሞተች ትመስላለች ያልሽኝ?"

"አዎ።"

"ይቺማ ደህና ሣር ናት። እንደ ማንኛውም ሣር።"

እውነታቸውን ነው፤ ነቅታ ስለመጣች የሚያስደንቅ ነገር አልነበራትም! የአባቴ ጣጣ እዚህም ተከተለኝ። "ጊዜ ይስጡኝ" አልኩ። በመስተዋት ሳጥን ውስጥ፣ እርጥበቱን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየቀነስኩ፣ ቀስ ብላ እንድትተኛ አደረግኋት። በየደረጃው ቅጠል እየቆረጥኩ በበረዶ አስቀመጥኩ፤ ልትተኛ ስትል የትኛው ትዕዛዝ እንደሚነሣ የምናየው ከዚያ ቅጠል ነው። በመጨረሻ ድርቅ አለች። ኃላፊዬ አንድ ቅጠል በጣታቸው አሹት፤ ዱቄት ሆነ። "በቃ ሞታለች ሰናይት" አሉኝ፤ አዝነውልኝ ነበር። እኔ ራሴ ያን ቀን እህል አልበላሁም። ጉዞው አዳክሟት፣ ሁለተኛ መተኛቱን ሳትችለው ቀርታ ቢሆንስ?

ውሃ አጠጣኋት። በማግስቱ ማለዳ ስመጣ የቤተ ሙከራው በር ክፍት ነው፤ ኃላፊዬ ቀድመውኝ ሳጥኑ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉም ነቅተዋል፤ ጫፋቸው የተቃጠለው ሁለቱ ሳይቀሩ። ሰውየው ዞር ብለው አላዩኝም። "ከጨውና ከድንጋይ በቀር ብዬ ነበር አይደል?" አሉ። "ብለው ነበር" አልኩ። "እንግዲህ በእሷ እንሠራለን" አሉ። እልል ልል ከጅሎኝ አፌን ያዝኩ።

ከዚህች ሣር ወደ ጤፍ ገና ረጅም መንገድ አለ፤ ትዕዛዟን መለየት፣ ማውጣት፣ ጤፍ ውስጥ ማስገባት፣ ጤፉ መስማማቱን ማየት። እኔ ላላየው እችላለሁ። ግን ይህ ጉዞ አንድ ነገር አስተምሮኛል። ድርቅ በመጣ ቁጥር እኛ ዓይናችን ወደ ወደብ ነው፤ ስንዴው መጣ ወይ እያልን። ስንዴው በሚራገፍበት ወደብ ጓሮ ግን ድርቅን የናቀች ሣር ተኝታለች፤ ማንም አልቀሰቀሳትም። አባቴ ቀሰቀሳት።

ያን ዕለት ከሰዓት ቴሌ ሄጄ እትዬ ዘይነባ ሱቅ ደወልኩ። አባቴን ጠሩልኝ። እያለከለከ መጣ።

"ሞተች?"

"ተኝታ ነቃች አባባ። በእሷ ልንሠራ ነው።"

"የእኔዋም ደህና ናት" አለኝ። "ነፋስ እንዳይመታት አልጋዬ ሥር ነው የማሳድራት።" ከዚያ፣ "ምን ብላችሁ ጻፋችኋት? ስም አወጣችሁላት?"

"አውጥተናል። የሳይንስ ስሟ ሌላ ነው፤ ሳጥኗ ላይ ግን አሰብ ብለን ጻፍን። ኃላፊዬ ናቸው በገዛ እጃቸው የጻፉት።"

"አሰብ ብለው?"

"አዎ፣ አሰብ ብለው።"

ስልኩ ከእጁ ወርዶ ባንኮው ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ከዚያ ከሩቅ ድምፁ መጣ፤ "ዘይነባ! ኧረ ዘይነባ! ሰማሽ ወይ!" እያለ ወደ መንገዱ ወጣ። አንድ ሰው ምን ሆነ ብሎ ጠየቀው፤ አንድ ሴት እልል አለች፤ ጫጫታው እየበዛ ሄደ። የቴሌዋ ልጅ ጨርሰሻል ወይ ብላ በምልክት ጠየቀችኝ። ገና ነኝ አልኳትና ጆሮዬን ስልኩ ላይ አስደግፌ ካምፖ ሱዳንን ማዳመጥ ቀጠልኩ።